የሚጾም ቅባት

ቀረብ በሉማ ልጆቼ፤ ከበሩ ራቅ፣ ወደኔ ጠጋ። ታኅሣሥ ነው። የወጨጫ ተራራ ነፋስ ሌላ መንገድ ያጣ ይመስል በእያንዳንዳችን ደጃፍ ነው የሚያልፈው። ሲያልፍም ባዶ እጁን አይሄድም፣ ከከንፈራችንም ከተረከዛችንም ትንሽ ትንሽ ቆርሶ ይሄዳል። የጠዋቷ ፀሐይ ታታልላችኋለች፤ ከጥላው ገባ ስትሉ ብርዱ ተደብቆ ይጠብቃችኋል። በዚህ ወር ሰው ሁሉ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ቆንጆውም፣ ሀብታሙም፣ ባለመኪናውም። ታኅሣሥ ፊት አይቶ አያዳላም።

ስለ ቆዳ ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እግዜር ሲፈጥረን ሌላ ሌላውን ሁሉ ከውስጥ ደበቀና ቆዳችንን ብቻ ለነፋስና ለሰው ዓይን ሰጠው። ጉበታችሁ ቢሻክር ማን ያያል? እጃችሁ ከሻከረ ግን የጨበጣችሁ ሁሉ ያውቃል። የሰው ኑሮ ከፊቱ ይታወቃል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ፊት ይዋሻል ባይ ነኝ። ፊት ይኳላል፣ ይስቃል፣ ሲያሰኘው ይሸፋፈናል። እጅ ግን ሥራውን ደብቆ አያውቅም። የአንዲት ሴት እጅ አሳዩኝ፣ ምን ስትሠራ እንደኖረች ልንገራችሁ። ፊደል ባልቆጥርም ይህን ያህል አነባለሁ።

አሁንማ ሱቅ ብትገቡ የቅባቱ ብዛት ያደናግራል። የማለዳ አለ፣ የማታ አለ፣ የክርን አለ። የልጅ ልጄ የገዛችው አንዱ ለዓይን ሥር ብቻ ነው አሉ፤ በስሕተት ጉንጭ ከነካ ይቆጣል መሰለኝ። እኛ ልጆች ሳለን የነበረን ቅባት አንድ ነው፣ እሱም ቅቤ። ለራስ ቅቤ፣ ለተረከዝ ቅቤ፣ ለአራስ ቅቤ፣ ለወለምታም ቅቤ። ቅቤ ከጠፋ ደግሞ ትዕግሥት። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ? ምሳሌውን እያመጣሁ ነው፤ የጠጁም ነገር ይመጣል፣ አትቸኩሉ።

የማወራችሁ በግቢያችን ስላሉ ሁለት ሴቶች ነው። አንዷ ሙሉነሽ ናት። ከጎጃም በልጅነቷ መጥታ፣ ባሏን ቀብራ፣ ሁለት ልጆች በልብስ አጠባ ያሳደገች። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው አንሶላ ስታሽ በረኪናው መጀመሪያ የአንሶላውን እድፍ፣ ቀጥሎ የእጇን መስመር ወሰደው። ከሦስት ዓመት በፊት ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ካለ ትምህርት ቤት በጊዜያዊነት የጽዳት ሥራ ያዘች። ሌላዋ አማረች ናት። ወላጆቿ ከከምባታ መጥተው ኮልፌ ከከተሙ ብዙ ዘመን ነው፤ እሷም እዚሁ ተወልዳ ገበያ ውስጥ ቅመምና ዘይት ትሸጣለች። ጴንጤ ናት። ጮክ ብላ ትዘምራለች፣ ጮክ ብላ ትስቃለች፣ ጮክ ብላ ትቆጣለች። ዝም ብላ የምትሠራው አንድ ነገር ቢኖር ቅባት ነው።

የአማረችን ቅባት የማያውቅ ኮልፌን አላወቀም። ለጋውን ቅቤ በለስላሳ እሳት ታቀልጠዋለች፣ አደስ ትነሰንስበታለች፣ በስስ ጨርቅ ታጠልለዋለች፣ ከሰሊጥ ዘይት ጋር አዋሕዳ በእንጨት ማንኪያ ስትመታው፣ ስትመታው፣ እንደ አረፋ ነጭ ይሆናል። ሙሽራ ሲዳር አማረች ትጠራለች። አራስ ስትወጣ አማረች ትጠራለች። እኔ ራሴ ክርስትና የተነሣሁት ትናንት ይመስል ክርኔ የሚለሰልሰው በእሷ ቅባት ነው።

አምና በዚሁ ወር ነው ነገሩ የመጣው። ትምህርት ቤቱ ሙሉነሽን ጠርቶ፣ "ቋሚ ልናደርግሽ ነው፤ ብቻ በጣት አሻራ የሚሰጠውን አዲሱን መታወቂያ ከገና በፊት አምጪ" አላት። ቋሚ! ይህን ቃል ቋሚ የሆነ ሰው አያውቀውም። ቤቷ ኪራይ፣ ሥራዋ ኮንትራት፣ ጤናዋ እንደ ቀኑ የሆነች ሴት ናት የምታውቀው። የዚያን ዕለት ማታ ቋሚ፣ ቋሚ እያለች ስታጉረመርም በግድግዳው ውስጥ እሰማት ነበር። ውዳሴ ማርያም የምትደግም ነበር የመሰለኝ።

ሄደች፣ ተሰለፈች፣ ጣቷን ከመስታወቱ ላይ አሳረፈች። መሣሪያው ዝም። እንደገና አሳረፈች። ዝም። በሳምንቱ ተመለሰች፣ አሁንም ዝም። ቤት መጥታ ደፉ ላይ ቁጭ አለችና መዳፏን እንደ ሰው መዳፍ አገላብጣ አየችው።

"እማማ የሺ፣ መዝጋቢዋ 'እናቴ፣ ጣትዎ አይነበብም' አለችኝ።"

"አይዞሽ፣ እኔም ማንበብ አልችልም። እስከ ዛሬ ማን ከምን አባረረኝ?" አልኳት።

አልሳቀችም። እኔም በተናገርኩት አፈርኩ።

የምትመዘግበው ልጅ ግን ደግ ናት፤ እግዜር ይስጣት። ዐሥር ቀን እጇን ከበረኪና አርቃ፣ ጠዋት ማታ ደህና ቅባት ብትቀባ ቆዳው ለስልሶ አሻራው ሊወጣ እንደሚችል ነግራታለች። ከዐሥር ቀን በኋላ ግን መዝጋቢዎቹ ከሰፈራችን ይነሳሉ። የቀራት አንድ ሙከራ ነው። ሙሉነሽ ከባልደረቦቿ ጋር ተቀያይራ ለዐሥር ቀን ጠረጋ ብቻ ያዘች፤ የቤቷን እቃ እኔ አጠብኩላት። ቀሪው ቅባት ነው። ቫዝሊንማ ስትቀባ ነው የኖረችው፤ እሱ ከላይ ያብለጨልጫል እንጂ እንደሷ ያለ ቆዳ ውስጥ መግቢያ በር አያገኝም።

አማረች ነገሩን እንደሰማች ዕቃዋን ይዛ ከተፍ አለች።

"አምጪው እጅሽን!"

ሙሉነሽ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። "ቅቤ አለበት?"

"ቅቤ ራሱ ነው እንጂ ቅቤ አለበት ይባላል?"

"ጾም ነው።"

"ብይው አላልኩሽም እኮ፣ ተቀቢው!"

"ታዲያ በማን እጅ ልጎርስ ነው? በአንቺ?"

እውነቷን ነው! እኛ በማንኪያ አንበላም። ቅቤ የነካ ጣት ሽሮ ውስጥ ገብቶ፣ ከሽሮው ጋር ወደ አፍ ገብቶ፣ ከዚያ ወዲያ ጾሙ የት አለ? እኔ ይህን ያህል ዘመን ስጾም ጣትን በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም ነበር። አማረች ግን ወገቧን ያዘች።

"ጉድ እኮ ነው! ሆዳችሁ ብቻ መስሎኝ፤ ጣታችሁም ይጾማል እንዴ?"

"የአንቺ ጣት ዓመቱን ሙሉ ፋሲካ ነው፣ እኛን ተይን።"

"ጣትሽ ጾሞ ጾሞ ሥራሽን ሊበላልሽ ነው፣ አንቺ ሴት!"

ነገሩ እንዳይጠነክር ብዬ ሙሉነሽን ይዤ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄድን። አባ ሰምተው ፈገግ አሉና፣ "ልጄ፣ ይህ መድኃኒት ነው፤ ምግብ አይደለም። ተቀቢ" አሏት። እጃቸውን ተሳልማ ወጣች። ከበሩ ስንወጣ፣ "እሳቸው ፈቱኝ፣ እግዜር ይስጣቸው፤ እኔ ግን ራሴን አልፈታሁም" አለችኝ። ምን ትሏታላችሁ? አክራሪ እንዳትሏት፣ በሰው ጾም ገብታ አታውቅም። ሞኝ እንዳትሏትም፣ ምን እንደምታጣ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ሌሊት እንቅልፍ የነሳት እሱ ነው። ባሏ ሲሞት በጾም ነበር፤ ያኔ እንኳ አልገደፈችም። ሰው በሕይወቱ የራሴ የሚለው አንድ ያልተሰበረ ነገር ይፈልጋል። ለእሷ እሱ ነው።

አማረች ይህን ስትሰማ በሩን ዘግታ ገባች። ተኳረፉ አልኩ። አንድ ቀን ሙሉ ዝማሬዋም አልተሰማ። ከዐሥሩ ቀን አንዱ እንዲያው በከንቱ ሄደ።

በማግስቱ በጠዋት ከገበያ ስትመለስ አየኋት። በእጇ አዲስ ድስት፣ አዲስ የእንጨት ማንኪያ፣ ያልተነካ ስስ ጨርቅ ይዛለች።

"ምነው አማረች፣ ልትዳሪ ነው እንዴ?" አልኳት።

"የእኔ ድስት ሁሉ ቅቤ የነካው ነው፣ እማማ። እቺ ሴት ደግሞ ብታሸተው ታውቃለች። የሚጾም ድስት ገዛሁላት።"

እስቲ ቆም በሉና አስቡት። ጾም የማትጾም ሴት፣ ጾሙ ዋጋ አለው ብላ የማታምን ሴት፣ ለጎረቤቷ ጾም ብላ ድስት ገዛች። ብዙ ሰው የሌላውን እምነት አከብራለሁ ይላል፤ አፍ ይቀለዋል። ድስት የገዛ ግን እኔ አንድ ሰው ብቻ ነው ያየሁት። "ሙሉ! ነይ ውጪ!" ብላ ጮኸች ደግሞ፤ "በኋላ ቅቤ ጨመረችበት እንዳትዪኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ትጠብቂኛለሽ!" ሙሉነሽ ወጥታ ተቀመጠች። ሁለቱም አልተያዩም። ሁለቱም ድስቱን አዩ።

ነገር ግን ቅቤ የሌለበት ቅባት ምን ይይዘዋል? ዘይት ብቻውን ይፈስሳል። ሰም ያስፈልጋል አለች አማረች፤ ንጹሕ የማር ሰም። እዚህ ላይ ነው እኔ አዋቂዋ የገባሁበት። "ሰሙን ለኔ ተዉት!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ከመንገዱ ማዶ ጠጅ ጣይዋን አውቃታለሁ። ጠጁ ሲጠለል ከላይ የሚቀረውን የማር ሰም፣ ሰፈፍ የምንለውን፣ በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝ። አማረች፣ "እማማ፣ በፈላ ውኃ ሦስት ጊዜ ይጠቡት፤ እያቀለጡ፣ እያጠለሉ፣ እያቀዘቀዙ" ብላ አሳሰበችኝ። እሺ አልኩ። አንድ ጊዜ አቀለጥኩት፣ አጠለልኩት፣ ቀዘቀዘ፤ ከውኃው ላይ እንደ ሙልሙል ዳቦ ቢጫ ሆኖ ተንሳፈፈ። አማረ። ከዚህ ወዲያ ምን ያጥቡታል? ቀኑም እየሄደ ነው። ሰጠኋት።

አሠራሯን ባያችሁ! ሽታው የሚያውድ የአሪቲ ቅጠል ከሰሊጥ ዘይት ጋር አድርጋ፣ ድስቱን ከሌላ ውኃ ከያዘ ድስት ላይ አስቀምጣ፣ እሳቱ ዘይቱን ሳይነካው ሙቀቱ ብቻ እንዲደርሰው አደረገች። "ዘይት ሲቆጣ ቆዳንም ያስቆጣል" ትላለች። አሪቲው ሽታውን ሰጥቶ ሲጠወልግ አጠለለችው። ከዚያ ሰሙን በቢላ ፈቅፍቃ ትንሽ ትንሽ ጣል። ቀዝቃዛ ሳሕን ላይ ጠብታ ታንጠባጥባለች፣ በጣቷ ታሻዋለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ደግሞ ሰም። በሚዛን አይደለም፣ በመጽሐፍ አይደለም። ጣቷ ያውቀዋል። ከእሳት አውርዳ መምታት ጀመረች። ክንዷ እስኪዝል መታችው፤ ቢጫው ነጣ፣ ፈሳሹ ረጋ፣ በመጨረሻ ልክ እንደ ለጋ ቅቤ ሆኖ ቁጭ አለ። ሙሉነሽ ከበርጩማዋ ብድግ አለች።

"ይሄማ ቅቤ ነው!"

"ዓይንሽ እያየ!"

"አየሁ እኮ። ግን ቅቤ ነው የሚመስለው።"

"መምሰልም ይገድፋል እንዴ? ነይ አሽትቺው!"

አሸተተችው። አሪቲ ብቻ ነው የሸተታት። እጇን ዘረጋች። አማረች የሙሉነሽን ጣት አንድ በአንድ ይዛ፣ ስንጥቅ ስንጥቁ ውስጥ እያስገባች ስታሸው፣ ሁለት ቀን የተኳረፉት ሴቶች ሳይታረቁ ታረቁ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ተቀብታ፣ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ትተኛለች። በአምስተኛው ቀን ስንጥቁ ገጠመ። በስምንተኛው ወደ መብራት አስጠግታ አሳየችኝ፤ በሌባ ጣቷ ጫፍ እንደ ድር የቀጠነ መስመር ብቅ ብሏል። "እማማ፣ ይታይዎታል?" አለችኝ። ዓይኔ ደካማ ነው፤ አዎ አልኳት። በዘጠነኛው እኔም እውነት አየሁት።

የመጨረሻዋ ቀን ደረሰች። በጠዋቱ አብሬያት ልሄድ ተነሳሁ። ምክርም ጨመርኩ፦ "ዛሬ ደህና አድርገሽ ተለቅለቂ፤ በዛ ቢል አይጎዳም!" አማረች ገበያ ሄዳለች፣ ከልካይ የለኝም። እስከ ክርኗ ተለቀለቀች።

የመመዝገቢያው አዳራሽ ቆርቆሮ ነው። ሰዉ ጢም ብሏል፣ ፀሐይዋ ጣሪያውን ታግለዋለች። እንዲህ ሆነን ስንጠብቅ አንድ ሽታ መጣ። በቤታችን ብርድ ውስጥ አሪቲው ሸፍኖት የኖረው፣ ሙቀት ሲያገኘው ተነሣ። ጠጅ! እንደው የጠጅ ጠረን አይደለም፤ ሦስት ብርሌ የገለበጠ ሰው አጠገባችሁ የተነፈሰ ያህል ነው። ያኔ ነው ሁለቱ ያልታጠቡት እጥበቶች ትዝ ያሉኝ።

ከኋላችን የቆሙ ሽማግሌ፣ "በዚህ ጠዋት! እኛ ውኃ እንኳ ሳንቀምስ!" አሉ ጮክ ብለው። ይህም አንሶ ከፊታችን የቆመች ሴት ዞረች። የሙሉነሽ የጽዳት አለቃ! እሷም ለራሷ መታወቂያ መጥታ ነው። ሙሉነሽን አይታ በፈገግታ ልትስማት ጎንበስ አለች፤ ሽታው ሲደርሳት ከግማሽ ተመለሰች። ፈገግታዋ ጠፋ።

"ሙሉነሽ... አንቺ ነሽ? ሕፃናት ካሉበት ቦታ ነው እኮ የምትሠሪው።"

ሙሉነሽ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ምን ትበል? ጣቴ ስለሚጾም ነው ትበል? ያንን ሁሉ ጾም ይዛ፣ ያንን ሁሉ ቅቤ እምቢ ብላ፣ ሰካራም ተብላ ልትቀር ነው። ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ስንፍና ነው። እግሬ ሳያማክረኝ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ።

"እኔ ነኝ!" አልኩ።

"እማማ፣ እርስዎ?"

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ልማድ ሆኖብኝ። እሷማ እንዳልወድቅ ደግፋኝ ነው።"

እንዲያምኑኝ ብዬ ወዝወዝ አልኩ። ወዝወዙስ ከጉልበቴ ነው፤ ማስመሰል አላስፈለገኝም። ሽማግሌው አማተቡ። "በዚህ ዕድሜ!" አሉ። አለቃዋ ለሙሉነሽ አዘነችላት፤ "አይ አንቺ፣ የስንቱን ሸክም ትችያለሽ" ብላ አቀፈቻት። በሕይወቴ ከጠበል ጠላ ሌላ አልቀመስኩም፤ የዚያን ዕለት በመቶ ሰው ፊት ጠጪ ሆኜ ቆምኩ።

ተራችን ደረሰ። ሙሉነሽ ጣቷን ስታሳርፍ መስታወቱ በቅባት ዋኘ። መሣሪያው ዝም አለ። መዝጋቢዋ ልጅ ግን ሳቅ አለችና፣ "እናቴ፣ ይቀቡ አልኩ እንጂ ይታጠቡበት አልኩ? ይጥረጉት" አለቻት። የነጠላዬን ጫፍ ሰጠኋት። ጠረገች፣ መስታወቱም ተጠረገ፣ እንደገና አሳረፈች። አረንጓዴ መብራት! የግራ አራቱ አለፉ። የቀኝ አራቱ አለፉ። የግራ አውራ ጣት አለፈ። የቀኙ አውራ ጣት፣ ልብስ ስትጨምቅ የኖረችበት፣ አንዴ እምቢ፣ ሁለቴ እምቢ። ሙሉነሽ ዓይኗን ጨፈነች። በሦስተኛው በራ።

"ምን ተቀብተው ነው እናቴ? ጣትዎ እኮ ያበራል" አለች ልጅቷ።

"የጾም ቅባት" አለቻት ሙሉነሽ፣ አሁንም ዓይኗን ሳትገልጥ።

ስንመለስ አማረች በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። መብራቱን ስንነግራት እልል አለች። የጠጁን ነገር ስነግራት እልልታው ተቋረጠ።

"ሰፈፉን ስንቴ አጠቡት፣ እማማ?"

"አንዴ።"

"አንዴ!"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩትን በስሜ ለቀምኩት። ስለ ውሸቴ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ፤ አርባ ስግደት ሰጡኝ፣ ሰግጄ ለመነሣት ስቸገር አይተው ወደ ዐሥር አወረዱልኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ሙሉነሽ ከገና በፊት መታወቂያዋን ወስዳ ቋሚ ሆነች፤ አሁን በጓንት ነው የምትሠራው። አማረች ሁለት ዓይነት ቅባት ትሸጣለች፣ የፍስክና የጾም፤ የጾሙ በፍስክም ይሸጥላታል። ሰሙን ራሷ ሦስቴ ታጥባለች፣ እኔን አታስነካኝም። መዝጋቢዋ ልጅ ከመነሣቷ በፊት መጥታ ሁለት ዕቃ ገዝታ ሄደች። አባም ለተረከዛቸው ሰው ልከው አንድ አስወስደዋል። ጠጅ ጣይዋ ሰፈፏን አትደፋም። የጽዳት አለቃዋ ግን እውነቱን እስከ ዛሬ አታውቅም። ሙሉነሽ ልንገራት ብላ ስንት ጊዜ ለመነችኝ፤ ተይ አልኳት፣ ከነገርሻት ሁለታችንም ያኔ እንደዋሸናት ታውቃለች። ሴትየዋ ደግ ናት፤ ባገኘችኝ ቁጥር መጠጡን እንዳቆም ትመክረኛለች፣ ስለት ተስላልኛለች። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ በራሷ ወጪ፣ ጠበል ወሰደችኝ። ይህን ያህል ደክማልኝ እምቢ ማለት ከበደኝ።

ገባሁ። ውኃው በጣም ይቀዘቅዛል።